የማያልቀው ኮርስ፦ የአውትላይን ችግሮችና መፍትሄያቸው

በዲፓርትመንታችን የኮርስ አውትላይን፣ ማለትም በየሳምንቱ ምን እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚመዘን የሚያሳየው እቅድ፣ ከመጽደቁ በፊት እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ኮድ፣ ክሬዲት፣ የመምህሩ ስምና የቢሮ ሰዓት ትክክል መሆናቸውን ማንም ያያል። በእነሱ ጊዜ አላጠፋም።

ምልክት፦ ኮርሱ አያልቅም

ሚድ ደርሶ ገና ምዕራፍ ሁለት ላይ ናችሁ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሦስት ምዕራፍ በስላይድ ይሮጣል። ቅዳሜ ሜክአፕ ክላስ ይጠራል። የተረፈው «ራሳችሁ አንብቡት» ይባላል፤ ማንም አያነበውም።

ምክንያት

መምህሩን ብትጠይቁት «ሴሚስተሩ አጠረ» ወይም «የዘንድሮ ተማሪ ደካማ ነው» ይላል። አውትላይኑን ስታዩት ግን የመጽሐፍ ማውጫ ነው። ምዕራፎቹ ሠንጠረዥ ውስጥ ተገልብጠዋል። ከጎናቸው «ሳምንት 1–2»፣ «ሳምንት 3–4» እየተባለ እኩል ተከፋፍለዋል። ከባዱም ቀላሉም ሁለት ሁለት ሳምንት! አንዳንዱ እንደውም ካምናው ላይ ዓመተ ምህረቱን ብቻ ቀይሮ ያመጣዋል።

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ለአካውንቲንግ ተማሪዎች የሚሰጠው የስታቲስቲክስ መግቢያ ነው። አማካይና ሚዲያን ሦስት ሳምንት ይበላሉ። ከዚያ ፕሮባቢሊቲ ይመጣል። ሳንቲም ይወረወራል፣ ካርታ ይሳባል፣ ፐርሙቴሽንና ኮምቢኔሽን ሳምንቱን ሙሉ ይሠራል። ሪግሬሽን (የአንድ ነገር ለውጥ ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር ማስላት) መጨረሻ ላይ ስላለ ሳይደረስበት ሴሚስተሩ ያልቃል። በኋላ የሪሰርች መምህሩ «ሪግሬሽን አልተማራችሁም እንዴ?» ሲል፣ ተማሪዎቹ «አውትላይኑ ላይ ነበረ» ይሉታል። እውነታቸውን ነው።

መፍትሄ

መጀመሪያ ካሌንደሩን አውጡና በእጃችሁ ቁጠሩ። ወረቀቱ 16 ሳምንት ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሹ ተማሪ ገና መንገድ ላይ ነው። ሚድ አንድ ሳምንት ይወስዳል፣ ፋይናል ደግሞ ሌላ። ሴሚስተሩ ጥቅምት ላይ ከተጀመረ ገናና ጥምቀት መሀል ይገባሉ፤ በዓሉ አንድ ቀን ቢሆንም ክፍሉ በዙሪያው ይሳሳል። 12 ሳምንት ከተረፋችሁ ደህና ነው። በሳምንት 3 ሰዓት ለሚሰጥ ኮርስ 48 ሰዓት የነበረው 36 ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ከኋላ ጀምሩ። ተማሪው ሳይሠራው ማለፍ የሌለበትን አንድ የፋይናል ጥያቄ ጻፉ። ለምሳሌ የ20 ሱቆችን የማስታወቂያ ወጪና ሽያጭ ሰጥታችሁ «ግንኙነቱን አስሉ፣ ቁጥሩ ለባለሱቁ ምን እንደሚል ጻፉ» በሉ። ለዚህ ምን ያስፈልጋል? አማካይ፣ ቫሪያንስ፣ ኖርማል ስርጭት፣ ናሙና፣ የሃይፖተሲስ ፈተና። ኮምቢኔሽን አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ካርታው ይቅር።

ዓላማውንም በዚሁ ጥያቄ ልክ ጻፉት። «ተማሪው ሪግሬሽንን ይረዳል» አይፈተንም፤ «ያሰላል፣ ውጤቱን ያብራራል» ይፈተናል።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድ ሳምንት ባዶ ተዉ። «ይሄ ለምን ባዶ ሆነ?» የሚል አለቃ አይጠፋም። አትሙሉት። ኢንተርኔት ይቋረጣል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ መምህርም ይታመማል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ምዕራፍ ከመጣላችሁ በፊት የፕሮግራማችሁን የመውጫ ፈተና (ተማሪው ለመመረቅ የሚፈተነው) ብሉፕሪንት፣ ማለትም ፈተናው የሚሸፍናቸውን ርዕሶች ዝርዝር፣ እዩ። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። እዚያ ያለውን ርዕስ «ጊዜ አልበቃኝም» ብላችሁ ስትዘሉት ዋጋውን የሚከፍለው ተማሪው ነው። እናንተማ ደሞዛችሁን ትበላላችሁ።

ምልክት፦ ግሬድ ሲወጣ ቢሮው በር ላይ ሰልፍ

አውትላይኑ «ተከታታይ ምዘና 50፣ ፋይናል 50» ብሎ ዝም ብሏል። ሃምሳው ከምን ከምን እንደተሰበሰበ ተማሪው የሚያውቀው ግሬዱ ከወጣ በኋላ ነው። ዘርዝሩት፦ ኩዊዝ 10 ሳምንት 4፣ ሚድ 20 ሳምንት 8፣ አሳይመንት 20 ሳምንት 11። ያረፈደ ስንት እንደሚቀነስበት፣ ሚድ ያመለጠው ምን ማስረጃ እንደሚያመጣ አንድ አንድ መስመር ጨምሩ። ከተሰራጨ በኋላ ነጥቡን አትንኩ። ለጎበዙ ብላችሁም፣ ለደካማው ብላችሁም አትንኩ።

ምልክት፦ የግሩፕ ሥራ ሁሉም 19 ከ20

ሽፋኑ ላይ ሰባት ስም አለ፣ የሠራው አንድ ነው። ሌሎቹ የፕሪንት ብር አዋጥተዋል። ግሩፑን ወደ አራት አውርዱ። ከነጥቡ ግማሹን ለቃል ጥያቄ ስጡ፤ እያንዳንዱ ጓደኛው ስለጻፈው ክፍል ይጠየቅ። ይህንንም ከመጀመሪያው ቀን አውትላይኑ ላይ ጻፉት፣ አለዚያ «አልተነገረንም» ይመጣል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ሁለት ሴክሽን በሁለት አውትላይን ከተማረ፣ አንዱን ምረጡና ፋይናሉን አብራችሁ አውጡ።

የተዘረዘረው መጽሐፍ ላይብረሪ ከሌለ፣ ዝርዝሩን ከማጽደቃችሁ በፊት ሄዳችሁ መደርደሪያውን እዩ። አሥር መጽሐፍ ጽፎ አንዱም ከማይገኝ፣ ሁለት ጽፋችሁ የምታስነብቡትን ገጽ ጥቀሱ።