ኮንፊግ ላይ ያለች አንዲት ኮማ

ጃቫስክሪፕት የምትጽፉ፣ ይቺን ያዙልኝ። ባለፈው አንድ ሰርቪስ ጥያቄውን ሁሉ ገና ሳይጀምር እያቋረጠ ግማሽ ቀን በላብኝ። ኔትወርኩን ጠረጠርኩ፣ ሰርቨሩን ጠረጠርኩ። ለካስ ኮንፊግ ፋይሉ (የፕሮግራሙ ቅንብር የሚጻፍበት) ላይ ታይምአውቱ፣ ማለትም መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ በሚሊሰከንድ፣ «5,000» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚቀይረው ፓርስኢንት (parseInt) ደግሞ ኮማዋ ጋ ሲደርስ ያቆማል። ስህተት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፤ 5 ብሎ ይመልሳል። 5 ሚሊሰከንድ!

ስለዚህ ለኮንፊግ ፓርስኢንትን ተዉት። ነምበር (Number) የሚለው ፈንክሽን ጠበቅ ያለ ነው፤ «5,000» ሲሰጡት ናን (NaN)፣ ማለትም «ቁጥር አይደለም» ይላል። አንድ ጉድ ግን አለበት፦ ባዶ ጽሑፍን 0 ያደርገዋል። ባዶውን ቀድማችሁ አጣሩ።

ናንም ተንኮለኛ ነው። «ከ100 ካነሰ ስህተት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሾልኮ ያልፋል፤ ናን ከምንም ቁጥር አያንስም፣ አይበልጥምም። ገልብጡት፦ ሙሉ ቁጥር ከሆነና ከ100 እስከ 60000 ውስጥ ካለ ይለፍ፤ ካልሆነ ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ እዚያው ይቁም። ዝም ብሎ በሌላ ቁጥር መተካት ለእኔ ችግሩን መደበቅ ነው። መልእክቱም ፍርጥ ይበል፦ «ታይምአውት ላይ የተጻፈው ‹5,000› ቁጥር አይደለም፤ ከ100 እስከ 60000 ሚሊሰከንድ፣ ያለ ኮማ ይጻፍ።»