የጨጓራ ኤንዶስኮፒ፦ ምን ይሰማል? እንዴትስ ይቀላል?

ኤንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን ማየት፣ የታዘዘለት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ያማል ወይ?» ብሎ ነው። አያምም፤ ግን ያስጨንቃል። ሁለቱን ለይቶ መግባት ግማሽ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ምርመራውን ከሕመም ይልቅ ድንጋጤ ሊያቋርጠው ይችላል። ሰው «ትንፋሼ ተዘጋ» ብሎ ይደነግጥና ቱቦውን በእጁ ይይዛል። ትንፋሽ ግን አይዘጋም። ቱቦው የሚሄደው በምግብ መውረጃው እንጂ በአየር ቧንቧው አይደለም፤ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ መተንፈስ ይቻላል።

ቱቦው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ከትንሿ ጣት አይበልጥም፣ እንደ ልብም ይተጣጠፋል። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ አለው። በጉሮሮ አልፎ ወደ ጨጓራ፣ ከዚያም ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይወርዳል። ለማየትና ናሙና ለመውሰድ ብቻ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ከዚህ ሁሉ በእውነት የምትከብደው ቱቦው ጉሮሮን የሚሻገርባት ቅጽበት ናት።

ከቤት ሳይወጡ

ሆድ ባዶ መሆን አለበት። ምግብ ቢያንስ ከ6 ሰዓት በፊት ይቆማል፤ ብዙ ቦታ 8 ሰዓት ይላሉ። ቀጠሮዎ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ እራትዎን ቀለል አድርገው በጊዜ ይብሉ፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምንም ምግብ አይቅመሱ። ንጹሕ ውሃ በአብዛኛው እስከ 2 ሰዓት ሲቀረው ድረስ ይፈቀዳል፤ የሚመረመሩበት ቦታ ከዚህ ጥብቅ ትእዛዝ ከሰጠዎት ግን የእነሱን ይከተሉ። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ የተረፈ ምግብ ቁስሉን ይሸፍናል፣ ካስመለስዎት ደግሞ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። ወተት፣ አጥሚትና ተልባ እንደ ውሃ ሳይሆን እንደ ምግብ ይቆጠራሉ። በተለይ ተልባ፣ «ለጨጓራዬ ይሻለኛል» ተብሎ ጠዋት ስለሚጠጣ፣ ቀጠሮ ያበላሻል። ነጩ የጨጓራ ሽሮፕም ግድግዳውን ስለሚለብጠው በዚያ ቀን አይወሰድም። ጠዋት በባዶ ሆድ ጠበል የሚጠጡ ከሆነም ከምርመራው በኋላ ያድርጉት፤ ብዛት ያለው ውሃ ነውና። ያደረ ምግብ የሚያስመልስዎት ከሆነ ደግሞ የተለመደው የጾም ሰዓት ላይበቃ ስለሚችል አስቀድመው ይንገሯቸው።

መድኃኒትን በራስዎ አያቁሙ። የግፊት ክኒን በአብዛኛው በአንድ ጉንጭ ውሃ ይዋጣል። ኢንሱሊን፣ ወይም ዋርፋሪንንና ክሎፒዶግረልን የመሳሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ከቀናት በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ። ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የሚፈለግ ከሆነ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲቆም ይመከራል፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል።

የጥፍር ቀለም ያስለቅቁ፤ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ በጥቁር ቀለም ወይም በጠቆረ ሂና ውስጥ በደንብ ላያነብ ይችላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ይወልቃል። የሚነቃነቅ ጥርስ ካለዎት ይናገሩ።

የሚረጨው ወይስ በደም ሥር የሚሰጠው?

የሚረጨው ማደንዘዣ ሊዶኬይን ነው። ጉሮሮ ላይ ሲረጭ ይመራል፤ ደቂቃዎች ቆይቶ ጉሮሮ ያበጠ፣ ምራቅም አልወርድ ያለ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ ግን ጉሮሮው አላበጠም፣ መደንዘዙ ነው። መድኃኒቱ በትክክል እየሠራ መሆኑን የሚያውቁት በዚህ ስሜት ነው። በጥርስ ሐኪም ዘንድ በማደንዘዣ ያሳከከዎት ወይም ያሳበጠዎት ከነበረ ግን ሳይረጭ በፊት ይናገሩ።

በደም ሥር የሚሰጠው፣ ብዙ ጊዜ ሚዳዞላም፣ ያፈዛል እንጂ እንደ ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ሙሉ በሙሉ አያስተኛም። ብዙዎች ከሰዓታት በኋላ ምኑንም አያስታውሱም። ዋጋው፦ ሰው ይዘው መምጣት አለብዎት፤ ለ24 ሰዓት መኪና አይነዱም፣ ማሽን አይነኩም፣ ውል አይፈርሙም። አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች፣ እዚያ በደም ሥር በሚሰጠው ማደንዘዣ መሥራቱ የተለመደ ስለሆነ አጃቢ ከሌለ ቀጠሮው ሊሰረዝ ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን በብዙ ቦታ በሚረጨው ብቻ ስለሚሠራ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ። የጥርስ ብሩሽ እንኳ ቋቅ የሚያሰኝዎት ከሆነ፣ ወይም ድንጋጤ የሚቀናዎት ከሆነ፣ የደም ሥሩን ቢጠይቁ ይሻላል። ለሌላው ሰው፣ ከታች ያለውን አተነፋፈስ ከያዘ፣ የሚረጨው ይበቃዋል።

ቱቦው ሲገባ

በግራ ጎን ይተኛሉ፣ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል፣ አገጭ ወደ ደረት ዘንበል ይላል። ቱቦውን እንዳይነክሱ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መንከሻ በጥርስ ይያዛል። ከዚህ በኋላ መናገር ስለማይቻል የእጅ ምልክት አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ለምሳሌ እጅ ማንሳት «ትንሽ ቆዩልኝ» ማለት ይሁን።

ቱቦው የምላስ ሥር ሲደርስ «ይዋጡ» ይባላሉ። ያኔ አንዴ ብቻ፣ ምግብ እንደሚውጡ አድርገው ይዋጡ፤ የምግብ መውረጃው አፍ የሚከፈተው በመዋጥ ነውና። በዚያች ቅጽበት ቋቅ ይልዎታል፣ ዓይን እንባ ያቀርራል፣ ጉሮሮ የሆነ ነገር የተሰነቀረበት ይመስላል። ይህ የሰውነት የተለመደ መከላከያ ነው፤ የበሽተኛ ድክመት አይደለም፣ ይቅርታም አይጠየቅበትም። ቱቦው ካለፈ በኋላ ስሜቱ በግልጽ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ የሚያድነው ትንፋሽ ነው። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ይሳቡ፣ በአፍ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያውጡ። ትንፋሽ ሲያዝ የጉሮሮና የሆድ ጡንቻ ይጠነክራል፣ ቋቅታውም ይብሳል። ከሁለት ቀን በፊት ጀምረው፣ በግራ ጎን ተኝተው፣ አፍ ከፈት አድርገው 5 ደቂቃ ይለማመዱት። ዓይን አይጨፍኑ፤ ሲጨፈን ሐሳብ ሁሉ ጉሮሮ ላይ ይሰበሰባል። ግድግዳ ላይ አንድ ነገር መርጠው ይመልከቱ።

ምራቅዎን ደግሞ አይዋጡ። ይህ ለብዙ ሰው፣ በተለይ ለትልልቅ ሰዎች፣ ያሳፍራል፤ ግን ቱቦው ካለፈ በኋላ ምራቅ ለመዋጥ መታገል ትን ያሰኛል፣ ያስላል። ከጉንጭ ሥር ፎጣ የሚነጠፈው ለዚሁ ነው፤ ይፍሰስ።

ጨጓራ ውስጥ ሲደርስ ግድግዳው እንዲታይ አየር ይነፋል። ከመጠን በላይ የበሉ ያህል ሆድ ይወጠራል፣ ግሳት ይመጣል። ማግሳት ነውር አይደለም፤ ሆኖም አየሩ ቶሎ ቶሎ ሲወጣ ጨጓራው ስለሚጨማደድ እንደገና ይነፋልና ከቻሉ ትንሽ ይታገሡት። ቱቦው ወደ አንጀት ሲያልፍ ከእንብርት በላይ ለጥቂት ሰከንድ ገፋ የማድረግ ስሜት አለ። ናሙና ሲቆረጥ ግን አይሰማም፤ የጨጓራ ውስጠኛው ሽፋን መቆረጥን አይለይም። የሚወሰደውም ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ናሙና መወሰዱም ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም፤ ለኤች ፓይሎሪ ምርመራም ይወሰዳል።

በጉበት በሽታ ወይም በቢልሃርዚያ ምክንያት ያበጠ የምግብ መውረጃ የደም ሥር በላስቲክ የሚታሰርለት ሰው ሁኔታው ይለያል፤ ደረትና ምግብ መዋጥ ለቀናት ሊያም ይችላል፣ ምግቡም ለስላሳ ይሁን።

ሲያልቅ

ጉሮሮ ለ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ደንዝዞ ይቆያል። እስኪለቅ ምንም አይጠጣም። ከዚያ ተቀምጠው አንድ ጉንጭ ቀዝቃዛ ውሃ ይሞክሩ፤ ካሳለዎት 15 ደቂቃ ጨምረው ይጠብቁ። ወጥተው ወዲያው ትኩስ ቡና መጠጣት ስሕተት ነው፤ የደነዘዘ ጉሮሮ መቃጠሉን አይነግርዎትም። ለብ ያለ አጥሚት ወይም ሾርባ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ቆሎና በርበሬ የበዛበት ወጥ ለነገ ይቆይ።

የጉሮሮ መከርከር 1 ወይም 2 ቀን፣ የሆድ መነፋት ደግሞ ሰዓታት ይቆያል። ለጉሮሮው ለብ ያለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ፣ ለሆዱ መንቀሳቀስ ይረዳል።

የደረት፣ የአንገት ወይም የሆድ ሕመም እየበረታ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ደም ካስመለሰዎት፣ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካቃተዎት፣ አንገት ካበጠ፣ ወይም ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ካጣበቀ እስከ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የብረት ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሳይደማም ይጠቁራልና ያንን ለሐኪሙ ይናገር፤ ማዞርና ድካም ካለበት ግን ክኒኑ ነው ብሎ ቤት አይቀመጥ።