አንድን አልበም አጥርቶ ሰምቶ አስተያየት ለመጻፍ

ሐዋሳ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ስለ ሮክና ፖፕ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንለያየው በምርጫ ሳይሆን በአደማመጥ ነው፤ አንዱ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ሰምቶታል፣ ሌላው ባጃጅ ውስጥ የሰማቸውን ሁለት ዘፈኖች ይዞ ይፈርዳል። ስለዚህ ስለ አንድ አልበም ሊጽፉ ሲያስቡ ከሁሉ አስቀድመው የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ያረጋግጡ።

ይህን የምለው ስለተሳሳትኩበት ነው። የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበም መጀመሪያ የሰማሁት ፍላሽ ላይ አስጭኜ ሲሆን፣ ማጫወቻው ዘፈኖቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ያሰልፋቸው ነበር። በዚህም ስምንተኛው ዘፈን መክፈቻ፣ የመጨረሻው ደግሞ አራተኛ ሆኖ ይመጣል፤ እኔም አልበሙ የተበጣጠሰ ነው እያልኩ ለወራት ተከራከርኩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ይህ ሥራ ግን በልብ ምት ጀምሮ በልብ ምት የሚያበቃ፣ አብዛኞቹ ዘፈኖቹም ሳይቋረጡ አንዱ ወደ ሌላው የሚፈስሱ ናቸው። የድምፅ ባለሙያው አለን ፓርሰንስ ከአሮጌ ሰዓቶች መሸጫ አንድ በአንድ የቀዳቸው ሰዓቶች በትክክለኛው ተራ አራተኛ በሆነው ዘፈን መጀመሪያ በአንድነት ሲያንቃጭሉ ዘፈኑን ነጥሎ የሚሰማ ሰው ጫጫታ ይመስለዋል፤ ከፊቱ ያለውን ዘፈን፣ የሩጫ ኮቴውንና ፍንዳታውን አሳልፎ የመጣ አድማጭ ግን ክው ይላል።

ቀጥሎ ዘፈኖችን የሚያቀላቅለውንና አንዱን በሌላው ላይ የሚያደራርበውን የስልክዎን ምርጫ ያጥፉ፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ባትሪውን አስቀድመው ይሙሉ። ከላይ የጠቀስኩት አልበም 43 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ፣ እኔ ሰው ሳይበዛ በማለዳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጬ በጆሮ ማዳመጫ እጨርሰዋለሁ። በመጀመሪያው ዙር ምንም አይጻፉ። በሁለተኛው ዙር ልብዎን የነካውን ወይም ያሰለቸዎትን ቦታ ከነደቂቃው ይመዝግቡ፤ የግጥሙን ጽሑፍ ማንበብ ለሦስተኛው ዙር ቢቆይ ይሻላል፣ ምክንያቱም ዓይን ወረቀት ላይ ሲሆን ጆሮ ቤዝ ጊታሩን ይዘነጋል።

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ የሆነ አልበም ከሆነ፣ ሸክላው ወይም ካሴቱ የሚገለበጥበትን ቦታ ይፈልጉ። ካሴት ገልብጦ ያደገ ሰው የሁለተኛው ፊት መክፈቻ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» ይውሰዱ፤ ከዘጠኙ ዘፈኖች አራቱ በመጀመሪያው ፊት፣ አምስቱ በሁለተኛው ናቸው። ሁለተኛው ፊት ኤዲ ቫን ሄለን የጊታር ሶሎ በተጫወተበት «ቢት ኢት» ይከፈታል፣ ወዲያው «ቢሊ ጂን» ይከተላል፣ ከዚያ «ሂዩማን ኔቸር» በለስላሳ ዜማው ትኩሳቱን ያበርዳል። በእኔ እምነት በፖፕ አልበሞች ውስጥ ከዚህ የተሻለ የሦስት ዘፈኖች ሰልፍ የለም፤ አምራቹ ኩዊንሲ ጆንስ ከሠራቸውም ይህን አስበልጣለሁ።

በመጨረሻ ሲጽፉ «በጣም ምርጥ ነው» የሚለውን ያስቀሩና የሰሙትን ይናገሩ። «ቢሊ ጂን» ግሩም ነው ከማለት ይልቅ ድራሙ ብቻውን ጀምሮ፣ ቤዙ ተከትሎት፣ ዘፋኙ ሳይገባ አድማጩ ቀድሞ እግሩን እንደሚያነቃንቅ ቢጽፉ፣ የማይስማማዎት ሰው እንኳን ሄዶ ያንኑ ቦታ መስማት ይችላል። ያልወደዱትንም በዚያው ልክ ይጻፉ። እኔ ከፖል ማካርትኒ ጋር የተዘፈነውን «ዘ ገርል ኢዝ ማይን»ን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁለት ታላላቅ ድምፆች ተገናኝተው ቀለል ያለ ጨዋታ ብቻ ስለያዙ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን በሩን ሲጢጥ አድርጎ እስኪከፍት ድረስ እቸኩላለሁ።