የሙዚቃ ተማሪ ሳይሆኑ በዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ወይም ባንድ ውስጥ እንዴት መጫወት ይቻላል

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ክላርኔት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ስላደገ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ልተወው አልቻልኩም። በመጀመሪያው ዓመት ለሙዚቃ ቡድኑ ተፈትኜ ወደቅሁ፤ በሁለተኛው ዓመት አለፍኩ፤ ከዚያም እስክመረቅ ድረስ ከቡድኑ አልተለየሁም። በሁለቱ ፈተናዎች መካከል የጣቶቼ ፍጥነት ያን ያህል አልተሻሻለም። የተለወጠው አንድ የሙዚቃ ቡድን ከተጫዋቹ ምን እንደሚፈልግ መረዳቴ ነው።

ብዙ ጥሩ ተጫዋቾች «ቡድኑ ለሙዚቃ ተማሪዎች ብቻ ነው» ብለው ሳይሞክሩ ይቀራሉ። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ የሃርቫርድ ራድክሊፍ ኦርኬስትራ የሚባለው ቡድን መነሻውን የሚቆጥረው ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1808 ካቋቋሙት የሙዚቃ ማኅበር ሲሆን፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የሙዚቃ ፕሮፌሰር የሆነው ጆን ኖውልስ ፔይን ማዕረጉን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። ተማሪዎቹ አብረው መጫወት የጀመሩት ሙዚቃ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ከመሆኑ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ነበር ማለት ነው። አሁንም ቢሆን ሙዚቃ በዋና ትምህርትነት የማይሰጥባቸው ወይም ጥቂት የሙዚቃ ተማሪዎች ብቻ ያሏቸው ዩኒቨርሲቲዎች ቡድኖቻቸውን የሚሞሉት ከሌሎች ክፍሎች በሚመጡ ተማሪዎች ነው።

1. ለመሣሪያዎ የሚስማማውን ቡድን ይምረጡ

ኦርኬስትራ በስም ስለሚታወቅ ሁሉም መጀመሪያ የሚያንኳኳው እሱን ነው፤ ይህ ለሁሉም መሣሪያ ትክክለኛ በር አይደለም። ኦርኬስትራ ብዙ ቫዮሊኖችን ይፈልጋል፤ ፍሉትና ክላርኔት ግን በአብዛኞቹ ሥራዎች የሚያስፈልጉት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው። የትንፋሽ መሣሪያዎች ባንድ በአንጻሩ ብዙ ክላርኔቶችን በአንድ ጊዜ ያስቀምጣል። ሳክስፎን በኦርኬስትራ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ በጃዝ ቢግ ባንድ ውስጥ ግን እንደተለመደው 5 ሳክስፎን፣ 4 ትራምፔትና 4 ትሮምቦን ከፒያኖ፣ ከቤዝና ከድራም ጋር አብረው ይሰለፋሉ። ቪዮላ፣ ባሱን ወይም ደብል ቤዝ የሚጫወቱ ከሆነ የሚወዳደርዎ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ችሎታዎ መካከለኛ ቢሆን እንኳ በድፍረት ይመዝገቡ። መሣሪያ ለሌለው ሰው ደግሞ መዘምራን አለ፤ ከመዘምራን ቡድኖችም ያለ ፈተና የሚቀበሉ ይገኛሉ።

2. ለኃላፊው አስቀድመው ይጻፉ

የትምህርት ዘመኑ ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት አጭር ደብዳቤ በኢሜይል ይላኩ። የሚጫወቱትን መሣሪያ፣ ስንት ዓመት እንደተጫወቱ፣ የሚማሩትን የትምህርት ዘርፍና የፈተናውን ቀን የሚጠይቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በዚያው ደብዳቤ ሁለት ነገሮችን ቢጠይቁ ይጠቅምዎታል፤ አንደኛው ዩኒቨርሲቲው የሚያውሳቸው መሣሪያዎች እንዳሉት፣ ሁለተኛው የልምምድ ክፍሎቹ ለሙዚቃ ተማሪ ላልሆነ ሰው ክፍት መሆናቸው ነው። በአንዳንድ ቦታ ቁልፉ የሚሰጠው ለሙዚቃ ተማሪዎች ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ዘግይቶ ማወቅ ማታ ማታ መለማመጃ ያሳጣል።

3. ለፈተናው ይዘጋጁ

ፈተናው በአብዛኛው ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ ስኬሎች (ኖታዎችን በተርታ ወደ ላይና ወደ ታች መጫወት)፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ሥራ፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት ያላዩትን ኖታ እዚያው አንብቦ መጫወት። ስለ ስኬሎች ብዙ የምለው የለኝም፤ በየቀኑ ይጫወቱ። ለተዘጋጀው ሥራ ደግሞ ከባድ ሥራ ከመምረጥ ይልቅ ሳይጨነቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጫወቱትን ይምረጡ።

እኔ የወደቅሁት በሦስተኛው ነው። ወሩን ሙሉ ፈጣንና አስደናቂ የሆነ ሥራ ሳሳምር ከርሜ ነበር፤ እሱንም በደንብ ተጫወትኩት። ቀጥሎ ከፊቴ የተቀመጠው ወረቀት 16 ሜዠር (ኖታው በቋሚ መስመር የሚከፈልበት ክፍል) ብቻ ነበረበት። በ5ኛው ሜዠር ላይ አንድ ኖታ ሳትኩ። ቆምኩ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እዚያው ቦታ ስደርስ እንደገና ሳትኩ፣ እንደገናም ቆምኩ። በዓመቱ ቡድኑን ስቀላቀል ከፈታኞቹ አንዷ አጠገቤ ተቀምጣ የምትጫወት ሆነች፤ አንድ ቀንም «ኖታ መሳትህን ማንም አልቆጠረብህም፤ መቆምህን ግን ሁላችንም መዝግበናል» አለችኝ። ስልሳ ሰው አብሮ ሲጫወት የሳተውን የሚጠብቅ ማንም የለም። ፈታኞቹ ሊያውቁ የፈለጉት ኖታ በምስትበት ጊዜ ከቡድኑ ጋር መቀጠል እንደምችል ነበር፤ እኔ ደግሞ ያሳየኋቸው እንደማልችል ነው።

ስለዚህ መለማመድ ያለብዎት ሳያቋርጡ ማንበብን ነው። ከችሎታዎ ዝቅ ያለ የኖታ መጽሐፍ ይፈልጉና በየቀኑ አንድ አዲስ ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫወቱ፤ ያንኑ ገጽ አይድገሙት፣ ምክንያቱም ሲደግሙት ማንበብ ቀርቶ ማስታወስ ይሆናል። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በዝግታ ያስጀምሩና ሲስቱ ወደ ኋላ አይመለሱ፤ የቀጣዩ ሜዠር የመጀመሪያ ምት እስኪደርስ በልብዎ ቆጥረው እዚያ ይግቡ። እኔን ከሁሉም በላይ የረዳኝ ግን አንድ ቁራጭ ካርቶን ነው። ጓደኛዬ አጠገቤ ቆሞ እየተጫወትኩት ያለውን ሜዠር በካርቶኑ ይሸፍነዋል፤ ዓይኔም ሳይወድ በግዱ ወደሚቀጥለው ሜዠር ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሁለት ምት ውስጥ እጠፋ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ዓይኔ ከጣቶቼ አንድ ሜዠር መቅደም ለመደ።

በፈተናው ዕለት ወረቀቱ ሲሰጥዎ ለማየት የሚፈቀድልዎ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ የቁልፍ ምልክቱን (የትኞቹ ኖታዎች ከፍ ወይም ዝቅ ብለው እንደሚጫወቱ የሚያሳየውን) እና የምት ቁጥሩን (በአንድ ሜዠር ስንት ምት እንዳለ የሚያሳየውን) ይዩ። ከዚያ መሐል ላይ የሚለወጥ ነገር እንዳለ ገጹን በዓይንዎ ያስሱ። ቀጥሎ ኖታዎች በጣም የተጨናነቁበትን ሜዠር ፈልገው በልብዎ ያዚሙት፤ እሱን ያለ ችግር የሚያዜሙበት ፍጥነት የመላው ሥራ ፍጥነት ይሁን። በቀላሉ መግቢያ ተታሎ በፍጥነት የጀመረ ሰው እዚያ ሜዠር ላይ ይሰበራል።

ከመለማመጃ ዕቃ በኩል በስልክ የሚሠራ ነጻ ሜትሮኖም ከበቂ በላይ ነው። ከተቀዳ ሙዚቃ ጋር አብሮ መጫወትን ግን በዝግጅቱ መጀመሪያ ላይ አልመክርም፤ ቅጂው ተሸክሞ ስለሚወስድዎ የራስዎ ምት መንገዳገዱን አይሰሙትም።

4. ከትምህርት ሰሌዳዎ ጋር ያስታርቁ

ቡድኑ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ኮርስ የሚመዘገብ ሲሆን ብዙ ጊዜ 1 ክሬዲት ወይም ከዚያ ያነሰ ይይዛል። ክሬዲቱ ትንሽ ስለሆነ ጊዜውም ትንሽ ነው ብለው አያስቡ፤ ውጤቱ በአብዛኛው የሚሰጠው በመገኘት ነውና ሁለት ሦስት ልምምድ መቅረት ብቻ ሊያበላሸው ይችላል። ከመመዝገብዎ በፊት ተጨማሪው ክሬዲት ከሚፈቀድልዎ ጣሪያ እንዳያሳልፍዎ ያረጋግጡ። የኮንሰርቱንና ከእሱ በፊት ያለውን የመጨረሻ ልምምድ ቀን ከቤተ ሙከራና ከፈተና ቀናት ጋር ያመሳክሩ፤ ግጭት ካለ በመጀመሪያው ሳምንት ለኃላፊው ይንገሩ። ቀድሞ የተነገረ ግጭት መፍትሔ አያጣም፤ በዋዜማው የተነገረ ግን አጠገብዎ የሚጫወተውን ሰው ብቻውን ያስቀራል።

5. በልምምድ ላይ

ከሰዓቱ 15 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ፤ እርሳስም ይያዙ። ኮንዳክተሩ (ቡድኑን በእጁ የሚመራው ሰው) የተናገረውን ወዲያው ወረቀቱ ላይ ይጻፉ፤ አንድን እርማት ሁለት ጊዜ ማስነገር ከተሳሳተ ኖታ ይልቅ ያሳዝናል። ኖታን ከታብሌት ማንበብ ጥሩ ቢሆንም በመጀመሪያው መንፈቅ ወረቀትን እመርጣለሁ። ገመድ ያላቸው መሣሪያዎች ተጫዋቾች ከክፍላቸው መሪ ወረቀት ላይ የቀስት አቅጣጫ ምልክቶችን ወደ ራሳቸው ወረቀት መቅዳት አለባቸው። የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ደግሞ ኮንዳክተሩ የአንድን ኖታ ስም ሲጠራ የሚናገረው ስለሚሰማው ድምፅ መሆኑን ያስታውሱ፤ ለተለመደው ክላርኔት የሚጻፈው ኖታ ከሚሰማው በአንድ ሙሉ ቶን (ለምሳሌ ከዶ እስከ ሬ ባለው ርቀት) ከፍ ይላልና ልዩነቱን በራስዎ ማስላት ይኖርብዎታል።

ረጅም ዝምታ ካለዎት በጣትዎ ይቁጠሩ። ሲጠፋብዎ ከመገመት ይልቅ ከመግቢያዎ በፊት የሚሰማ መሣሪያ መርጠው «ከኦቦው በኋላ» ብለው በወረቀትዎ ላይ ምልክት ያድርጉ።

መቀመጫዎ ከትራምፔቶች ፊት ከሆነ ጆሮዎን ይጠብቁ። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ጤና ተቋም በሚመክረው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚፈቀድ ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። የስፖንጅ መድፈኛ ቀጫጭን ድምፆችን አብዝቶ ስለሚያፍን ለሙዚቀኞች የተሠራውን ይምረጡ።

በመንፈቁ መጨረሻ በውሰት የወሰዱትን መሣሪያ ያጽዱ፣ በኖታው ላይ የጻፉትን በላጲስ አጥፍተው ይመልሱ፣ የሚቀጥለውን ፈተና ቀንም ጠይቀው ይውጡ፤ በብዙ ቡድኖች ነባር ተጫዋቾችም በየዓመቱ እንደ አዲስ ይፈተናሉ።