ልጅ አፉን ሳይፈታ በእጁ ሲናገር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጅ ተናገረ የምንለው «እማዬ» ወይም «አባዬ» ያለ ቀን ነው። ያን ቀን ለአያት ይደወላል፣ ለጎረቤት ይነገራል። ያው ልጅ ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ሁለት እጁን ዘርግቶ «አንሡኝ» ብሏል፤ ከማንኪያው ፊቱን አዙሮ «በቃኝ» ብሏል፤ ወደ መብራቱ ጣቱን ቀስሮ «እዩልኝ» ብሏል። ለዚህኛው ማንም አልደወለም። እኔም አልደወልሁም። የመጀመሪያ ልጄን ያሳደግሁት ይህን ሁሉ እያየሁ ሳላስተውለው ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ግማሹን የተማርሁት ሠርቼ ነው።

አብዛኞቹ ሕፃናት ከ6 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ «ባባባ»፣ «ማማማ» እያሉ ድምፅ መደርደር ይጀምራሉ። ከ9 ወር ገደማ ጀምሮ ዕቃ መስጠት፣ ማሳየት፣ በጣት መጠቆም ይከተላል። የመጀመሪያው ቃል የሚመጣው አንድ ዓመት አካባቢ ነው። ሱዛን ጎልዲን-ሜዶው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር ዐሥር ሕፃናትን ተከታትላ በ2005 ባወጣችው ጥናት፣ ልጁ አንድን ዕቃ በእጁ ማመልከት የሚጀምረው ስሙን ከመጥራቱ በአማካይ ሦስት ወር ቀደም ብሎ እንደሆነ አሳይታለች። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይጠይቅ መስጠት

ይህ የጥሩ እናት ስህተት ነው። ልጁ ሳይጠማው ውሃው ይቀርባል፤ ዓይኑን ወደ ሙዙ ሲወረውር ሙዙ ተልጦ እጁ ገብቷል። እናቴ እኛ ቤት ስትመጣ «ልጅን ምን ያስጠይቀዋል? ሲርበው አታውቂም እንዴ?» ትለኝ ነበር። ዐውቃለሁ፤ ችግሩም እሱ ነው። እኔ ሁሉን ካወቅሁለት እሱ ለማሳወቅ ለምን ይደክማል?

ከሁለተኛዋ ልጄ ጋር የሞከርሁት ቀላል ነገር ነው። ምሳዋን ስትበላ ኩባያዋን ዓይኗ በሚያየው፣ እጇ ግን በማይደርስበት ቦታ አስቀምጥና ዝም እላለሁ። በልቤ እስከ አምስት፣ አንዳንዴም እስከ ዐሥር እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ኩባያውን ታያለች። ቀጥላ እኔን ታያለች፤ መልሳ ኩባያውን። አራት ላይ ስደርስ አንድ እጇ ይነሣል፣ ጣቶቿ ይከፈቱና ይጨበጣሉ፣ ከጉሮሮዋም «እህ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ለእኔ ያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «ውሃ! ውሃ ፈለግሽ። እንኪ ውሃ» እላትና እሰጣታለሁ። የምቀዳው ሁለት ጉንጭ ብቻ ነው፤ ስትጨርስ እንደገና እንድትጠይቀኝ። ሙሉ ኩባያ አንድ ጊዜ ብቻ ያስጠይቃል፤ በጥቂት በጥቂቱ ሲቀዳ ግን ከአንድ ምሳ አራት አምስት ጥያቄ ይወጣል።

አምስት ሰከንድ አጭር ይመስላል። ልጅ ዓይን ዓይንዎን እያየ ዝም ማለት ግን ከባድ ነው። እኔ ሦስት ላይ አፌን ይበላኝ ነበር።

ካላልክ አልሰጥህም ማለት

ከላይ ያለውን ምክር የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ወደዚህኛው ነው። ልጁ እጁን ዘርግቷል፣ ድምፅም አውጥቷል፤ ኩባያውን የያዘው ሰው ግን «ውሃ በል! ካላልክ የለም» ይለዋል። ልጁ ባለው መንገድ ጠይቆ ጨርሷል፤ የጎደለው ቃሉ ነው፣ ቃሉን ደግሞ ገና አልያዘውም። ነገሩ በለቅሶ ያልቅና ልጁ የሚማረው የእጅ ምልክት እንደማይሠራ፣ ለቅሶ ግን እንደሚሠራ ነው። መጠበቅና መከልከል ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። መጠበቅ ላይ ግን ዕይታም ሆነ እጅ ወይም «እህ» ማለት ይበቃል፤ ምልክቱ እንደመጣ ዕቃው ይሰጣል፣ ቃሉን የሚጨምሩት እርስዎ ነዎት።

የትምህርት ሰዓት መፈለግ

ለልጄ የሥዕል ካርድ ገዝቼ ነበር። ፖም፣ አውሮፕላን፣ ዝሆን። ማታ ማታ ለዐሥር ደቂቃ ምንጣፍ ላይ እናነጥፈው ነበር፤ ልጁ ዝሆኑን በላው፤ ከካርዱ ያተረፍነው ይህን ብቻ ነው።

በቀን ውስጥ ሳይለወጥ የሚደጋገም ነገር ከየትኛውም ካርድ ይበልጣል። ልብስ ሲወልቅ «እጅ ወደ ላይ»፣ ገንፎው ሲያልቅ ሁለት መዳፍ ከፍቶ «አለቀ»፣ አባት ሲወጣ በር ላይ «ቻው»። ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ የድርሻውን ለመጨመር ድፍረት ያገኛል። ምስጢሩ ቃሉንና ቅደም ተከተሉን በየቀኑ አንድ ማድረግ፣ ሲለመድ ደግሞ መጨረሻው ላይ ቆም ማለት ነው። ልጅ ሊቆም ሲንገዳገድ ሁላችንም «ወፌ ቆመች» እንላለን። ከሳምንት በኋላ «ወፌ…» ብለው ያቁሙ። የእኔዋ መጀመሪያ አጨበጨበች፤ ከወር በኋላ «መች» አለች።

የቡናውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቡናው ተቆልቶ መቁያው በእንግዶቹ ፊት ሲዞር ሰው ሁሉ ጭሱን በእጁ ወደ አፍንጫው ይስባል። ልጄ በ11 ወሯ በአያቷ ጭን ላይ ሆና (ከከሰሉም ከጀበናውም ርቃ) ይህን ስታይ ቆየች። በማግሥቱ ባዶ የፕላስቲክ ሳሕን አንሥታ በሌላው እጇ አየሩን ወደ ፊቷ ትስብ ጀመር። መጀመሪያ አልገባኝም፤ ዝንብ የምታባርር መስሎኝ ነበር። የገባት አያቷ ናት፤ «ቡና! ቡና ትጠጫለሽ እንዴ?» አለቻት። ከዚያ ወዲያ የዘነዘና ድምፅ በሰማች ቁጥር ያ እጅ ይነሣል። «ቡና» የሚለውን ቃል እስክትለው ድረስ ብዙ ወራት ቡና በቤታችን በእጅ ነበር የሚጠራው። ይህን ያስተማራት የለም፤ ሦስቱም ዙር በየቀኑ በአንድ መልክ ስለሚፈላ ብቻ ነው።

መጠቆምን እንደ ነውር ማየት

ወደ ሰው ጣት መቀሰር በእኛ ዘንድ ብልግና ነው፤ ልክም ነው። የአንድ ዓመት ሕፃን ጣት ላይ ግን ይህ ሕግ ገና አይሠራም። እጁን መታ አድርጎ ማውረድ የመጀመሪያውን ወሬውን ማቋረጥ ነው።

ጣሊያናውያንና አሜሪካዊት ተመራማሪዎች ከ1975 ጀምሮ ሁለት ዓይነት መጠቆም እንዳለ ጽፈዋል። አንደኛው «ስጡኝ» ነው። ሁለተኛው «እዩልኝ» ነው፤ ልጁ የጠቆመውን ነገር አይፈልገውም፤ የሚፈልገው እርስዎም እንዲያዩለት ነው። እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው። ልጁ በመስኮት ወፍ ሲያሳየን «ምን ልስጥህ?» እያልን ዕቃ እናቀርባለን፤ እሱም ይናደዳል። በዚያ ጊዜ ሥራው ጣቱን ተከትሎ ማየትና «አዎ፣ ወፍ! በረረች» ማለት ብቻ ነው። ጎልዲን-ሜዶውና ሜሬዲት ሮው በቺካጎ 50 ቤተሰቦችን ተከታትለው በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በ14 ወራቸው በምልክት ብዙ ነገር ይገልጹ የነበሩ ልጆች በአራት ዓመት ተኩል ዕድሜያቸው ሰፋ ያለ የቃላት ሀብት ነበራቸው። በእነዚያ ቤቶች ወላጆቹም በእጃቸው ብዙ ይናገሩ ነበር።

አንቀልባም እዚህ ላይ ይነሣል። አንቀልባ ክፉ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ጀርባ ላይ ያለ ልጅ እናቱ የምታየውን ሁሉ በትከሻዋ በኩል ያያል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚቀረው ፊቷን ማየት ነው፤ እሷም ጣቱን አታይም። ስለዚህ በሄደችበት ስታወራለት ድምፅ ካሰማ ዘወር ማለት፣ ካረፈች ደግሞ አውርዳ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ይበቃል።

በእንግዳ ፊት መፈተን

«ላም እንዴት ትላለች? ውሻስ? እስቲ አፍንጫሽን አሳዪ! ትላንት እኮ ብላው ነበር…» ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ትሸሸጋለች። መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሲጠይቅ ልጅም ይታወቀዋል መሰለኝ። አምስት ጥያቄ ከመጠየቅ አንዴ መናገር ይሻላል፤ «ላሟ እምቧ አለች» ብሎ ዝም። ልትደግመው ከፈለገች ትደግመዋለች።

ድምፁን እንደ ጫጫታ መስማት

በ2003 ማይክል ጎልድስቴይንና ባልደረቦቹ የስምንት ወር ሕፃናትን ይዘው ቀላል ሙከራ ሠሩ። ግማሾቹ እናቶች ልጁ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ወዲያው ፈገግ እንዲሉ፣ ጠጋ እንዲሉና እንዲነኩት ተደረገ። የሌሎቹም እናቶች ያንኑ ያህል ፈገግ አሉ፣ ነኩም፤ ከልጁ ድምፅ ጋር ሳይገጥም ግን። ወዲያው መልስ ያገኙት ልጆች ድምፅ በዚያው በአንዱ ሙከራ ውስጥ ወደ ቃል ቅርጽ የቀረበ ሆነ። ሁለቱ የሚለያዩት በሰዓቱ ብቻ ነው። ሽንኩርት እየከተፉ ልጅ «ዳዳ» ሲል ቀና ብሎ «ዳዳ!» ማለት ወጪ የለውም።

ቃል መሰል ነገር ሲመጣ ደግሞ ሌላ ስህተት ይከተላል፤ ማረም። ልጁ ውሃን «ዋ» ይለዋል። «ዋ አይደለም፣ ውሃ በል» ከምንለው «አዎ፣ ውሃ። ቀዝቃዛ ውሃ» ብንለው ትክክለኛውን ሰማ፣ አልተገሠጸምም። «ጥ»፣ «ጭ»፣ «ቅ» የሚባሉትን ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ከሕፃን አፍ አይጠብቁ፤ ከንፈር ላይ የሚታዩት «ም» እና «ብ» ይቀድማሉ። አጠራሩ ቆንጆ ነው ብሎ ቤተሰቡ ሁሉ ለዓመት «ዋ» ሲል መኖሩ ግን አይረዳውም።

በስልክ ማብላት

ማንኪያው እንዲገባ ስልክ ፊቱ ላይ ይደቀናል፣ አፍ ይከፈታል፣ ሳሕኑ ያልቃል። ሞግዚቷን አልወቅስም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ነገር ግን በቀን ሦስት ጊዜ የሚገኘው ረጅሙ የፊት ለፊት ጊዜ የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ልጁ «ጨምሩልኝ» ወይም «በቃኝ» ለማለት ምክንያት የለውም። በዚያው በ2003 ፓትሪሺያ ኩል የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛን ድምፆች ፊታቸው ከተቀመጠ ሰው ሲማሩ፣ ያንኑ ሰው በቴሌቪዥን ሲያዩ ግን ምንም እንዳልተማሩ አሳየች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 መመሪያው የአንድ ዓመት ልጅ ጭራሹን ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፣ የሁለት ዓመቱ ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል።

ልጁ እንዳይደናገር ብሎ አማርኛን መተው

አሜሪካ ያለች እህቴን አንዲት ባለሙያ «በአንድ ቋንቋ ብቻ አናግሪው» ብላት ነበር። እህቴ በማትዝናናበት እንግሊዝኛ ልጇን እያጠበች ዝም ማለት አበዛች። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም፤ ቃሉ ሲቆጠር ግን የሁለቱም አንድ ላይ ይቆጠር። ምልክትም ቢሆን ሁለት ዓይነት ይለምዳል፤ እኛ «ና» የምንለው መዳፍን ወደ ታች አድርገን ነው፣ እነሱ ወደ ላይ አድርገው። የእህቴ ልጅ ለአያቱ በአንዱ፣ በሕፃናት መዋያው በሌላው ይጠራል።

«ወንድ ልጅ ይዘገያል» እያሉ መጠበቅ

ወንዶች በአማካይ ትንሽ ይዘገያሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ዓመት ሞልቶት ድምፅ የማይደረድር፣ የማይጠቁም፣ በእጁ ቻው የማይል፤ በ16 ወሩ አንድ ቃል የሌለው፤ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገናኝ ልጅ ወንድ ስለሆነ ብቻ ሊታለፍ አይገባም። ይለው የነበረውን ቃል ወይም ምልክት የተወ ልጅ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ቀን ሳይቆጠር መታየት አለበት። ለኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ጤና ጣቢያ መሄድ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ይጠይቁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጆሮ ነው። በር ሲጋጭ የሚደነግጥ ልጅ በደንብ ይሰማል ማለት አይደለም፤ ጆሮው በተደጋጋሚ የታመመ ልጅ ውስጡ ፈሳሽ አቁሮ ንግግሩ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሊሰማው ይችላል። «ምላሱ ታስሮ ነው» የሚባለውን ቶሎ አይመኑ፤ የታሰረ ምላስ ጣት አያስርም፤ ለምን እንደማይጠቁም አያስረዳም። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ መድማትና መመርቀዝ ከማምጣት በቀር ንግግር አይከፍትም። ኦቲዝምን በተመለከተ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በልጃቸው ምክንያት በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ አንድ ነገር ይዘው ይሂዱ። ልጁ ቤት ውስጥ ሲበላ ወይም ሲታጠብ የተቀረጸ የአንድ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ፣ እርስዎም አብረው የሚታዩበት። ነጭ ጋዋን ፊት ልጆች ሁሉ ዝም ይላሉ።