ውሃ ሞልቶ የምትጠማ ፍየል

ፍየላችሁ ወተት ከቀነሰች፣ መኖ ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ጠዋት ድርቆሹን ከሰጣችሁ በኋላ በርጩማ ይዛችሁ በረቱ በር ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ፍየሎቹን አትነካኩ። ዝም ብላችሁ የውሃውን ባልዲ ብቻ ተመልከቱ።

እኔ ዘጠኝ ፍየሎች ግቢ ውስጥ ዘግቼ ነው የማረባው። ከመካከላቸው አንዷ፣ ቀንድ የሌላት ጥቁሯ፣ ወተቷ በሁለት ሳምንት ወደ ግማሽ ወረደ። የትል መድኃኒት ሰጠኋት፣ ፋጉሎ ጨመርኩላት፣ ምንም ለውጥ የለም። ቁጭ ብዬ ሳይ ነው የገባኝ። ቀንዳሟ ቀይ ፍየል ጠጥታ ጨርሳለች ግን አትሄድም፤ ባልዲውን በጎኗ ጋርዳ ቆማ ታመሰኳለች። ጥቁሯ አንገቷን ዘርጋ ስታደርግ ቀይዋ ቀንዷን እንኳ አትሰብቅም፣ ዞር ብላ ታያታለች፣ በቃ፣ ጥቁሯ ወደ ኋላ ትላለች። ሦስቴ ሞክራ ተወችው። ባልዲው ውስጥ ግማሽ ያህል ውሃ ነበር። ስለዚህ ማታ ውሃ ተርፎ ስላያችሁ ብቻ «ሁሉም ጠጥተዋል» አትበሉ።

ወተት ከ100 እጅ 87ቱ ያህል ውሃ ነው። የምትታለብ ፍየል በሙቀት ቀን 10 ሊትር ድረስ ልትጠጣ ትችላለች፣ ድርቆሽና ፉርሽካ የምትበላ ደግሞ እርጥብ ሣር ከምትበላው የበለጠ ትፈልጋለች። ካልጠጣች ደረቁን መኖም ትተወዋለች። በጠጧ ደርቆ ትንንሽ ከሆነ፣ ባልዲ ይዛችሁ ስትገቡ ከሁሉም ቀድማ የምትሮጥ ከሆነ፣ እሷን ተከታተሏት።

መፍትሔው ቦታ መጨመር ነው። ከአንድ ትልቅ ገንዳ ሁለት ሦስት ባልዲ በተለያየ ቦታ ይሻላል፤ ፍየሎቹ አምስትም ቢሆኑ ከሁለት አታሳንሱ። ጎን ለጎን ግን አታድርጓቸው፣ እኔ መጀመሪያ እንደዚያ አድርጌ ቀይዋ መሃል ቆማ ሁለቱንም ትጠብቅ ነበር። አንዱ ባልዲ ጋ ቆማ ሌላውን ማየት እንዳትችል በመሃል ጣውላ ወይም ቆርቆሮ ጋርዱ። ጥግ ላይም አታስቀምጡ። ጥግ ውስጥ ጎኗን የተወጋች ፍየል ማምለጫ የላትም፣ እርጉዝ ከሆነች ደግሞ ልትጨነግፍ ትችላለች። በሁለት በኩል መውጫ ያለው ቦታ ፈልጉ።

ስትሞሉም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ኃይለኛዋ የምትወደውን ሙሉ። እሷ እዚያ ተጠምዳ እያለች ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ሙሉ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ በርሜል ሞልታችሁ አስቀምጡ እንጂ ባልዲዎቹ ባዶ ቆይተው አንድ ጊዜ እንዲሞሉ አትጠብቁ፤ ግፊያው የሚከፋው ያኔ ነው።

ንጽሕናውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ፍየል በጠጥ የገባበትን ውሃ አትጠጣም፣ ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ ከቆሸሸ ሁሉም ሁለቱ ላይ ይረባረባሉ። ባልዲውን ደረቷ አካባቢ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩና የፊት እግሯን የምታሳርፍበት ብሎኬት ሥሩ አድርጉ። ኋላዋን ወደ ባልዲው ማዞር ይከብዳታል። ለግልገሎቹ ዝቅ ያለ ሳፋ ለብቻ ይሁን።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ከታለቡ በኋላ ማጠጣት ነው። በዚያ ሰዓት ይጠማሉ፣ ደግሞ እያንዳንዷ ብቻዋን ናት። ደጋ ከሆናችሁ ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ስጧቸው፣ የበለጠ ይጠጣሉ። ጥቁሯ የመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለቴ ጎንጨት እያለች ወደ በሩ ታይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ባልዲው ውስጥ እስከ ዓይኗ ገብታ ቀና ሳትል ጠጣች።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም አንዷ የምታስቸግር ከሆነ፣ መኖ ከተበላ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል የራሷን ባልዲ ሰጥታችሁ ለብቻዋ እሰሯት።