ሥር ለሰደደ ሕመም ከጎጃም ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመታከም እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

ኩላሊቱ ደክሞ በእጥበት የሚኖር፣ የልብ ቫልቩ የተበላሸ ወይም ካንሰር የተገኘበት ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር፣ ጠያቂ ሁሉ ቀድሞ የሚያነሣው «የትኛው አገር ይሻላል?» የሚለውን ነው። ከዚያ በፊት ሊመለስ የሚገባው ግን ታካሚው ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ሞጣ ሲመለስ ማን እንደሚከታተለው፣ መድኃኒቱንስ በየወሩ ከየት እንደሚያገኝ ነው። ውጭ አገር የሚደረገው ሕክምና ሳምንታት ወይም ወራት ሲፈጅ ክትትሉ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል በመሆኑ፣ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው መመለሱን አስቀድሞ በማሰብ ነው።

አገር ውስጥ ያለውን አሟጦ ማየት

ጉዞው የሚጀምረው ከሪፈር ወረቀት ነው። ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ወይም ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ ከዚያም አዲስ አበባ የደረሰ ታካሚ፣ በየደረጃው የተጻፈለት ወረቀት ኋላ ለሕክምና ቦርዱም (ሕክምናው አገር ውስጥ አለመገኘቱን ለሚያረጋግጠው የሐኪሞች ጉባኤ) ለውጭው ሐኪምም የሕመሙ ታሪክ ሆኖ ያገለግለዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብም የሚጠቀመው በዚሁ ሰንሰለት ሲሄድ ነው፤ መድኑ የውጭ አገር ሕክምናን ስለማይሸፍን፣ አገር ውስጥ ሊሠራ የሚችለውን ምርመራ ሁሉ እዚሁ ጨርሶ መውጣት ብዙ ወጪ ያድናል።

«ውጭ ካልሄደ አይሆንለትም» የተባለ ሁሉ እንዲያ ላይሆን ይችላል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል፤ በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማእከልም የልብ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። የወረፋው ርዝመትና የመድኃኒቱ አቅርቦት ምን እንደሚመስል በአካል ሄዶ መጠየቅ፣ ከተቻለም ተራ መያዝ፣ የውጭውን ጉዳይ ጎን ለጎን ከማስኬድ አያግድም።

ሕክምናው በአገር ውስጥ የማይገኝ ከሆነ የሚከታተለው ስፔሻሊስት ጉዳዩን ወደ ሕክምና ቦርድ ይመራዋል። ቦርዱ የሚሰጠው ማስረጃ ባንኮች ለሕክምና የውጭ ምንዛሪ ሲጠየቁ ከሚፈልጓቸው ሰነዶች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። የምንዛሪ አሠራሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተለወጠ ግን፣ ባንኩ በአሁኑ ጊዜ የሚጠይቀውን ዝርዝር አስቀድሞ ከቅርንጫፉ መቀበል ያስፈልጋል።

ሰነዶቹን ማዘጋጀት

ለውጭ ሆስፒታል የሚላከው የሕመም ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የመድኃኒቶቹን ሳይንሳዊ ስምና መጠን የያዘ መሆን አለበት። የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ምስሎች ከንባባቸው ጋር በሲዲ ይወሰዱ፤ ንባቡ ብቻውን አይበቃም። የካንሰር ታካሚ ደግሞ ከሰውነቱ የተወሰደውን ናሙና መስታወትና በሰም የተያዘውን ቁራጭ፣ ናሙናው ከተመረመረበት የፓቶሎጂ ክፍል ጠይቆ መያዝ ይኖርበታል፤ የሚሄድበት ሆስፒታል የራሱ ሐኪም ናሙናውን በዐይኑ ሳያይ ሕክምና ስለማይጀምር፣ ናሙናው ከሌለ እንደገና መወሰዱ አይቀርም።

ትንሽ የሚመስለው የቀን ጉዳይ ብዙ ያሳስታል። በእኛ አቆጣጠር 2017 ተብሎ የተጻፈ ውጤት በውጭ ሐኪም ፊት ሰባትና ስምንት ዓመት ያስቆጠረ አሮጌ ወረቀት ይመስላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ውጤት ላይ የአውሮፓውያኑ ቀን ይጻፍ። የመድኃኒት ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «ጠዋት በሁለት ሰዓት» ያልነውን አስተርጓሚው ሳያስተካክል ቢያልፈው ሌሊት ላይ ሊሰማ ይችላል። ስም በፓስፖርቱ ላይ የተጻፈበት የእንግሊዝኛ ፊደል በሕክምና ወረቀቱም ላይ አንድ ፊደል ሳይለወጥ መስፈር አለበት።

ዋጋ መጠየቅና ገንዘብ ማሰባሰብ

ከኢትዮጵያ ብዙ ሰው የሚሄደው ወደ ህንድ ነው፤ ታይላንድና ቱርክም የሚሄዱ አሉ። ቢያንስ ከሁለት ሆስፒታሎች የሕክምና ዕቅድና የዋጋ ግምት በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። ግምቱ ስንት የአልጋ ቀን፣ ስንት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ቀን፣ የትኛውን ቫልቭ ወይም መሣሪያ እንደሚያካትት፣ ከዚያ ቢያልፍ ምን እንደሚያስከፍል በግልጽ ይጠየቅ። ሆስፒታል የሚያገናኙ ደላሎች ብዙውን ጊዜ ኮሚሽናቸውን የሚያገኙት ከሆስፒታሉ ስለሆነ፣ «ነጻ አገልግሎት» ሲሉ ምክራቸው ወደማን እንደሚያደላ ማሰብ ይገባል። በእኔ ግምት ከተሰጠው ዋጋ ላይ ሲሶ ያህል መጠባበቂያ ያልያዘ ቤተሰብ ባይነሣ ይሻላል፤ ቤት ኪራይ፣ ምግብና ያልታሰበ የአልጋ ቀን የሚበሉት ይህንኑ ነው።

አንድ ጥያቄ አለ፤ ከባድ ስለሆነ ቤተሰብ ይሸሸዋል። ሕክምናው ለማዳን ነው ወይስ ዕድሜ ለማራዘምና ሥቃይ ለማስታገስ? በተለይ የተሠራጨ ካንሰር ያለበት ሰው ቤተሰብ ይህን በቀጥታ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ሳያገኝ የእርሻ በሬውን መሸጥ የለበትም። የገጠር መሬት ስለማይሸጥ፣ ገበሬው የሚተማመነው በከብቱ፣ በባሕር ዛፉና መሬቱን በማከራየት በሚያገኘው ነው፤ እነዚህን አስቀድሞ ሸጦ ዋጋ መጠየቅ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። እድሩ፣ ማኅበሩና በውጭ ያለው ዘመድ የሚያዋጣው ገንዘብ ደግሞ ሦስት ሰው በጣምራ በሚያንቀሳቅሰው የባንክ ሒሳብ ቢገባ ሐሜትም ክርክርም ይቀንሳል።

ሕክምናውን ከሚኖሩበት ቦታ ጋር ማመዛዘን

በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቯ የጠበበባትን፣ ከቢቸና ገጠር የመጣች ወጣት እንውሰድ። አንዳንዱ ጥበት ደረት ሳይከፈት በደም ሥር በሚገባ ትንሽ ፊኛ (ባሉን) ሊሰፋ ስለሚችል፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው። ቫልቩ የግድ የሚቀየር ከሆነ ሁለት ምርጫ አለ። የብረቱ ዘላቂ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛና ደሙ በምን ፍጥነት እንደሚረጋ የሚለካውን አይኤንአር የተባለ የደም ምርመራ ይጠይቃል። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ዋርፋሪንን ለረጅም ጊዜ ላይፈልግ ይችላል፤ ነገር ግን በተለይ በወጣት ላይ ፈጥኖ ስለሚያረጅ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል።

ለአንዲት የከተማ ነዋሪ የተሻለው ለዚህች ልጅ ላይሻል ይችላል። አይኤንአር ለመመርመር ቀን ሙሉ የምትጓዝ ከሆነ፣ መንገድ በሚዘጋበት ወቅትም ሳትመረመር የምትከርም ከሆነ፣ ደሙ ሲረጋ ቫልቩ ይደፈናል፤ ሲቀጥን ደግሞ መድማት ያመጣል። ዋርፋሪን ፅንስን የሚጎዳ በመሆኑ የመውለድ ሐሳቧም ከውሳኔው በፊት ለቀዶ ሐኪሙ ይነገር። በጾም ወራት በጎመን ላይ መበርታት የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚያዳክም፣ ጎመን መተው ሳይሆን መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ማመጣጠን ነው የሚመከረው። ሕመሙ እንዳያገረሽ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊንም ቫልቭ ተቀየረ ተብሎ አይቋረጥም። የውጭው ሐኪም ቢቸናን አያውቅም፤ የጤና ጣቢያውን ርቀት የሚነግረው አስታማሚው ነው።

ኩላሊት ለሚቀየርለት

በህንድ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ የሚገዛው በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግና በማሻሻያዎቹ ነው። ኩላሊት መሸጥና መግዛት ወንጀል ነው፤ ህንዳዊ ለጋሽ የቅርብ ዘመዱ ላልሆነ የውጭ ዜጋ መስጠት አይፈቀድለትም። «እዚያ ለጋሽ ይገኛል» የሚል ደላላ ሲመጣ ንግግሩን እዚያው ማቆም ነው። ታካሚው ለጋሹን ከአገሩ ይዞ ይሄዳል፤ የደም ዓይነትና የመስማማት ምርመራውንም እዚሁ ማድረጉ ለከንቱ ጉዞ መድኅን ነው።

ዝምድናውን ማስረዳት ግን ከምርመራው ይልቅ ጊዜ ይወስዳል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ አብዛኛው አዋቂ የልደት ወረቀት የለውም። ከቀበሌ የሚገኘው የልደትና የዝምድና ማስረጃ ተተርጉሞ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታይቶ፣ በኤምባሲም ተረጋግጦ ንቅለ ተከላውን በሚፈቅደው የህንድ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ወንድማማቾች በአባት ስም ወይም በአያት ስም አጻጻፍ ከተለያዩ ኮሚቴው ስለሚጠራጠር፣ ፓስፖርት ከማውጣት በፊት አጻጻፉን አንድ ማድረግ ይገባል።

ፓስፖርት፣ ቪዛና ክትባት

ባሕር ዳር የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ስላለ ፓስፖርት ለማውጣት የግድ አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልግም። በጉዞው ቀን ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆን አለበት። ህንድ ለታካሚ የሕክምና ቪዛ፣ እስከ ሁለት ለሚደርሱ አስታማሚዎች ደግሞ የአስታማሚ ቪዛ ትሰጣለች፤ ለሁለቱም የሆስፒታሉ ደብዳቤ ያስፈልጋል። በኢንተርኔት የሚሰጠው የሕክምና ቪዛ ከገቡበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ያገለግላል። ከንቅለ ተከላ በኋላ ሆስፒታሉ ከዚያ በላይ ሊያቆይ ስለሚችል፣ ቀኑ ሳያልቅ እዚያው በውጭ ዜጎች ምዝገባ ቢሮ ማስረዘም ግድ ይሆናል። በጥሬው ከ5,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ይዞ ወደ ህንድ የሚገባ ሰው በጉምሩክ ማስመዝገብ አለበት፤ ከኢትዮጵያ ሲወጣም ከባንኩ የተሰጠውን ወረቀት ከገንዘቡ ጋር ይያዝ።

ከኢትዮጵያ ወደ ህንድና ወደ ታይላንድ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ የሚጸናው ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ካርድ የሌለውን ሰው ህንድ እስከ 6 ቀን ለብቻው ልታቆይ ትችላለች። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ስላለበት ግን ኬሞቴራፒ ላይ ላለ ወይም የመከላከል አቅሙን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው፤ እንዲህ ያለ ታካሚ ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይከተብ፣ ክትባቱ የማይፈቀድለት ከሆነም ማስረጃውን ይዞ ከበረራው በፊት ኤምባሲውን እንዲጠይቅ ያስፈልጋል።

ከመነሣት በፊት ቤት ለሚቀር ሰው ውክልና መስጠት አይዘንጋ፤ እህል መሸጥም ሆነ ከባንክ ገንዘብ ማውጣትና መላክ ያለ ውክልናው ይቆማል።

መንገዱ

የአባይ በረሃን አቋርጦ በደጀንና በጎሐ ጽዮን በኩል የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ የበረራ ቀን ስለማይጠብቅ፣ አዲስ አበባ ጥቂት ቀናት ቀድሞ መድረስ ወይም ከባሕር ዳር በአውሮፕላን መሄድ ይሻላል። የእጥበት ታካሚ በበረራው ዋዜማ ታጥቦ፣ ሲደርስ የሚታጠብበትን ቀንና ቦታ አስይዞ ይነሣ። ኢንሱሊን በሻንጣ ከታች ከተጫነ ሊበርድና ሊበላሽ ስለሚችል ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ይያዝ። ኦክስጅን ወይም ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስፈልገው ሰው ትኬት ሲቆርጥ ለአየር መንገዱ ያሳውቅ።

ሕክምናው ሲያልቅና ከተመለሱ በኋላ

ከሆስፒታሉ ሲወጡ የመውጫ ማጠቃለያ፣ የቀዶ ሕክምናው ዘገባ፣ የቫልቩ ወይም የመሣሪያው መለያ ካርድና የመድኃኒቶቹ ዝርዝር በእጅ ይግቡ። ለንቅለ ተከላ ታካሚ ዋናው ጥያቄ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይቃወም የሚወስደው፣ ታክሮሊመስን የመሰለው መድኃኒት ነው። ወራት የሚያቆየውን ያህል ከመያዝ በተጨማሪ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የት እንደሚገኝ፣ በደም ውስጥ ያለው መጠንስ የት እንደሚለካ ገና ሳይሄዱ መታወቅ አለበት። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የዚህን መድኃኒት ኃይል በብርቱ ስለሚያወርድ፣ በጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲታዘዝለት ታካሚው ቀድሞ ዝርዝሩን ያሳይ።

ጸበልና ሕክምና አይጣሉም፤ ሆኖም በእጥበት የሚኖር ሰው የሚጠጣው ፈሳሽ የተለካ ስለሆነ በብዛት መጠጣቱ ወደ ሳንባው ውኃ ይልክበታል፤ አዲስ ኩላሊት የተተከለለት ደግሞ ያልፈላ ውኃ ኢንፌክሽን ሊያመጣበት ይችላል። ለጾሙም ለጸበሉም የንስሐ አባቱን በግልጽ ማነጋገር ተገቢ ነው።

እንደተመለሱ ባለው ሳምንት ውስጥ፣ እንግዳ ጠያቂው ሳያልቅም ቢሆን፣ ሰነዶቹን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ሪፈር ለጻፈው የደብረ ማርቆስ ወይም የባሕር ዳር ሐኪም ማስረከብ፣ የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ቀን ማስያዝና የውጭው ሆስፒታል የሚጠየቅበትን አድራሻ በካርዱ ላይ ማጻፍ ይገባል።